አሥር ነበር ያየሽው

ይድረስ ለእታበባዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ብርድ ሲነካው የሚሰማሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሥራስ እንዴት ይዞሻል? ቀኑን ሙሉ መቆም ለአንቺ ደግ አይደለም፤ ከባንኮኒው ጀርባ አንድ በርጩማ አስቀምጪና ገበያ ሲቀዘቅዝ አረፍ በዪ። አክስታችንስ ደህና ናት? አሁንም በእንቅልፏ ትስቃለች? እማዬ በጣም ደህና ናት። ዓይኗ ደከም ቢልም የኔን ጉድ ለማየት አላነሳትም። "ሰላም በይልኝ" ብላ ሦስት ጊዜ ስለነገረችኝ ሦስቴ እንደጻፍኩት አድርገሽ ቁጠሪልኝ።

ስለ እኔ ደግሞ እንደ ወጉ "ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ" ልል ብዬ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ናፍቆቱስ እውነት ነው። ደህንነቴን ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ትፈርጂዋለሽ።

ስልኬን ካላነሳሽልኝ ስምንት ወር ሊሆን ነው። አልቀየምሽም። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ፣ ኋላ በየሳምንቱ ደወልኩ፤ በመጨረሻማ እንድታነሺው መጠበቄን ትቼ ጥሪውን ብቻ ማዳመጥ ለመድኩ። አንድ ጊዜ በጠራ ቁጥር አይቼው የማላውቀው ክፍልሽ ይታየኛል፤ መጋረጃው፣ አልጋው፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠሽ ስልኩን የምታዪው አንቺ። ይጠራ ይጠራና ዝም ሲል ክፍሉም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ወረቀት አይጮህም፤ ብትፈልጊ ዛሬ፣ ብትፈልጊ ከወር በኋላ ታነቢዋለሽ። ብቻ አትቅደጂው፤ ውስጡ ያንቺ የሆነ ነገር አለ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ቀን ነው።

የኖርሽው አንቺ፣ የምተርክልሽ እኔ መሆኔ ያስቃል። ቢሆንም እኔ ዘንድ ያለውን ግማሽ አታውቂውምና ከመጀመሪያው ልጀምር። ሆስፒታሉ ውስጥ ከአዋቂዎች ክፍል ወደ ሕፃናት ክፍል ከተዛወርሽ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነበር። ጠዋቱ ካፊያ ነበረው። አንድ ጃንጥላ ተጋርተን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንሄድ ስለ አንዲት የዘጠኝ ወር ሕፃን ታወሪኝ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ አድክሟት የገባች፣ ሰው ሲጠራት ሁለት እጇን እንደ ክንፍ የምታርገበግብ ልጅ። "ቢራቢሮ" ብለሽ ስም አውጥተሽላት፣ እናቷ ሳትቀር በዚሁ ስም ትጠራት ጀመር አልሽኝ። እየሳቅሽ አውቶቡስ ውስጥ ገባሽ። እንደዚያ ስትስቂ ያየሁሽ የመጨረሻው ቀን ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ለልጅቷ በሰዓት ሠላሳ ሚሊ ግሉኮስ እንዲገባላት አዘዘ። አንቺ ኮምፒዩተሩ ላይ ሠላሳ ብለሽ ጻፍሽ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት አስልቶ ነገረሽ። ግድግዳው ላይ "በጭንቅላት ማስላት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያየሽውን ቁጥር በእጅሽ መዝገቡ ላይ አሰፈርሽ። አሥር። ቱቦውን አስተካክለሽ፣ የእጅ ሰዓትሽን እያየሽ፣ ጠብታዎቹን አሥር ድረስ ቆጠርሽ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢራቢሮ እጇን ማንሳት አቃታት። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሲጠሯት ዝም አለች። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ጠብታውን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ኮምፒዩተሩ ሠላሳ ጠብታ አለ።

ከሚገባት ውሃ ሲሶው ብቻ ነበር ሲገባላት ያረፈደው። ደግነቱ ደርሰውላት ተረፈች።

"አሥር ነው ያየሁት" አልሽ። ለሐኪሙ አልሽ፣ ለነርሶቹ አለቃ ለማትሮኗ አልሽ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ለተቀመጡት ሦስት ሰዎች አልሽ። "ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ ግን ለክፍሉ አዲስ ነኝ፣ ከማሽኑ ማን ይበልጣል ብዬ ተውኩት" አልሽ። ፕሮግራሙን ፊትሽ ደጋግመው ሞከሩት፤ በሞከሩት ቁጥር ሠላሳ። ማስጠንቀቂያ ጽፈው ወደ አንሶላ ክፍል አወረዱሽ።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ወደ ክፍሌ መጣሽ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። እርጥብ ካፖርትሽን ሳታወልቂ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ፣ "ድንቢጥ፣ ያ የእናንተ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላል እንዴ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያኔ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁም። አንቺም እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ካውያውን እንኳ አላስቀመጥኩም። "እታበባ፣ ማሽን አይደክመውም፤ የሚደክመው ሰው ነው" አልኩሽ። በደግ ልብ ያልኩት መስሎኝ ነበር፣ ላጽናናሽ። አንቺ "እሺ" አልሽ። ከዚያ ተነስተሽ ወጣሽ፤ የተቀመጥሽበት አልጋ ልብስ ላይ የካፖርትሽ እርጥበት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የአውቶቡሱን ቁጥር ሁለቴ ማንበብ ጀመርሽ። ከዚያ ሦስቴ። ደረጃ ስትወጪ ከንፈርሽ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥሪ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ፣ ሁለት ብልቃጥ ይዘሽ እማዬን "የትኛው ነው ስኳሩ?" ስትጠይቂያት ሰማሁ። ቀምሰሽ ማወቅ ስትችዪ! እማዬም እንደዋዛ አሳየችሽ፣ ዞር ብላም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ዓይኖቼን አላምናቸውም፤ የሚያሳዩኝን ነገር ሌላ ሰው ካላየው አለ ማለት አልችልም" ያልሽኝም የዚያን ሰሞን ነው። አንሶላ ስታጥፊ ሁለት ወር ቆይተሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አክስታችን ሄድሽ።

አሁን የእኔን ግማሽ ልንገርሽ።

አንቺ ያየሽውን ገጽ የሠራው ሌላ ሰው ነው። ከገጹ ጀርባ ሆኖ የሚያሰላው ግን የኔ ነው። እኔ የሠራሁት ላይብረሪ የምንለውን ነው። መጻሕፍት የተደረደሩበትን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ፕሮግራመር አንዴ ሠርቶ ያስቀምጠውና ሌሎቹ በየፕሮግራማቸው እየጠሩ የሚገለገሉበት ሥራ ማለት ነው። ቱቦ ሁለት ዓይነት መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የአዋቂው ወፍራም ነው፤ ሃያ ጠብታው አንድ ሚሊ ይሞላል። የሕፃናቱ ቀጭን ነው፤ አንድ ሚሊ ለመሙላት ስልሳ ጠብታ ይፈጃል። ላይብረሪው ለማስላት የትኛው ቱቦ እንደተተከለ ማወቅ አለበት። ይህን ቁጥር፣ ሃያውን ወይም ስልሳውን፣ እኔ ያስቀመጥኩት ግሎባል ቫሪያብል የሚባል ነገር ውስጥ ነው። ለሁሉም አንድ የሆነ፣ ሁሉም የሚያየው፣ ሁሉም የሚቀይረው ቁጥር ማለት ነው።

የሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት ትዝ ትልሻለች? አባዬ "እንዳንዘገይ" እያለ አሥር ደቂቃ ያስቀድማታል። እማዬ አባዬ ያስቀደመ መሆኑን ስለምታውቅ መልሳ ታዘገያታለች። አንቺ ለትምህርት ቤት ታስሮጫታለሽ፣ እኔ የመኝታ ሰዓት እንዳይደርስ ወንበር ላይ ወጥቼ ወደ ኋላ እጎትታታለሁ። ሁላችንም ለየራሳችን ልክ ነበርን። ውሸታሟ ሰዓቷ ብቻ ነበረች። ሰው መጥቶ "ስንት ሰዓት ነው?" ሲል አባዬ "ማንኛችን የሞላነውን ነው የምትፈልገው?" ይል ነበር። እንግዲህ ግሎባል ቫሪያብል ማለት እሷ ናት።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ "አባ ጥንቁቅ" የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሲወጡ የበሩን እጀታ ሦስቴ የሚነኩ፣ ኮምፒዩተራቸውን በመሐረብ የሚወለውሉ፣ ባዶ ሙቅ ውሃ የሚጠጡ። ላይብረሪውን የጻፍኩ ሰሞን ሥራዬን አንብበው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡና፣ "ልጄ፣ ይህችን ቁጥር ለምን አደባባይ አሰጣሻት?" አሉኝ። ሁሉም ስለሚፈልጋት ነው፣ ላይብረሪውን በጠሩ ቁጥር ተሸክመዋት ከሚመጡ አንዴ አስቀምጠው ቢገላገሉ አይሻልም ወይ አልኳቸው። "ይሸከሟት እንጂ!" አሉ። "ላይብረሪ ማለት በሰው ቤት እንግዳ ነው። እንግዳ የሰው ዕቃ ቦታ አይቀይርም። ደግሞስ የሁሉም የሆነ ነገር ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ምስክር የለውም።"

ሳቅኩ። እሳቸው ሲወጡ ለጓደኞቼ በድምፃቸው እየተናገርኩ አሳቅኳቸው። በዓመቱ ጡረታ ወጡ፤ አበባ ሰጥተን ሸኘናቸውና ቁጥሯ አደባባይ ላይ እንደተሰጣች ቀረች።

ያወቅኩት ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ቢሮው ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰዓት። ውጪ ዶፍ ይጥላል፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ሁላችንም ኩሬ ሥር የተቀመጥን እንመስል ነበር። ሰው ሲናገር ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ላይብረሪውን ለአንድ ሌላ ክሊኒክ እያዘጋጀሁ ስለነበር ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፍቻለሁ፣ አንዱ የሕፃናት፣ አንዱ የአዋቂዎች። በሕፃናቱ ላይ ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። ከመጫኔ በፊት የአዋቂዎቹን ገጽ ዘግቼ እንደ አዲስ ከፈትኩት፤ ለምን እንደከፈትኩት እንኳ አላውቅም፣ እጄ ዝም ብሎ ሄደ። ከዚያ ተመልሼ የሕፃናቱን ተጫንኩ።

አሥር።

ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል አልኩ። ዓይኔን አሸሁ። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩና ተጫንኩ። ሠላሳ። እና እታበባ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ብቻዬን፣ ዝናቡ እየጮኸ፣ የገዛ ዓይኔን ተጠራጠርኩት። "ድካም ነው" አልኩ ለራሴ። ለአንቺ ያልኩሽን ቃል ራሴን ስለው ሰማሁት። ድምፅሽ እዚያች ኩሬ ውስጥ ከአጠገቤ እንዳለሽ ሆኖ መጣ፤ "አሥር ነው ያየሁት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕፃናት ክፍል ገጽ ሲከፈት ቁጥሯን ስልሳ ያደርጋታል፤ የአዋቂዎች ገጽ ሲከፈት ሃያ ያደርጋታል። የሁሉም ክፍል ስሌት የሚሠራው በአንድ ማሽን ላይ ነው፣ ቁጥሯም አንድ ናት። አንቺ ገጽሽን ከፍተሽ ሠላሳ ብለሽ እስክትጽፊ ባለችው ቅጽበት፣ ሌላ ፎቅ ላይ ያለች ሌላ ነርስ የራሷን ገጽ ከፈተች። ምንም አላጠፋችም። የቀየረችውንም አታውቅም። አንቺ ስትጫኚ ላይብረሪዬ በቀጭኑ ቱቦሽ ፈንታ በእሷ ወፍራም ቱቦ አሰላልሽ። ሐኪሙ መጥቶ እንደ አዲስ ሲከፍተው ቁጥሯ ወደ ስልሳ ተመልሳለች። አባ ጥንቁቅ እንዳሉት፣ ምስክር የላትም።

ገጾቹ ግን ማን መቼ እንደከፈታቸው ይመዘግባሉ። የዚያን ቀኑን ፈልጌ አወጣሁት። ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ የሕፃናት ክፍል፣ ከአንቺ መለያ ጋር። በአምስተኛው ደቂቃ የአዋቂዎች ክፍል። በዚያችው ደቂቃ፣ ከሃያ ሴኮንድ በኋላ፣ አንቺ ተጫንሽ። ሦስት መስመር። ሦስት መስመር ነው እታበባ፣ ያንን ቀን ብጠይቅ ኖሮ በሩብ ሰዓት አገኘው ነበር።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። ለሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ቢሮ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ሰው ቀልድ ሲያወራ ሳቅኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ አውቶቡሴ መጥቶ ሲሄድ አየዋለሁ፤ ሌላው መጥቶ ሲሄድም አየዋለሁ። አንዴ መስኮት ሥር ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝና በሕልሜ አንድ ነጭ፣ ረጅም፣ ማለቂያ የሌለው መተላለፊያ ውስጥ ነበርኩ። ከጣራው ጠብታ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ። አንቺ መጨረሻው ላይ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቆመሽ ትቆጥሪያለሽ። ልጠራሽ አፌን ስከፍት ውሃ ሞላው። ስነቃ መጨረሻ ፌርማታ ደርሼ ሹፌሩ "እህት፣ ወራጅ የለም እንዴ?" ይለኛል።

በአራተኛው ቀን አባ ጥንቁቅ ቤት ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ቆመው ሰሙኝ፣ ውሃው አንድ መደብ ላይ ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ጎመኑ ሊዋኝ እስኪደርስ። "አላልኩሽም ነበር?" ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ "ለማን ነገርሽ?" አሉኝ።

"ለእርስዎ" አልኳቸው።

"እኔማ ጡረተኛ ነኝ" አሉና ቧንቧውን ዘጉ። "የሚመለከታቸው ሰዎች ጡረታ ሳይወጡ ሂጂ።"

ከዚያው በቀጥታ ወደ አለቃችን ሄድኩ። አለቃችን ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ውሃ ቀዳልኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ማን ሞተ?" አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። "እንግዲያው ቀስ ብለሽ ድፈኚው። እዚያ የፕሮግራሙ ማስታወሻ ላይ 'ፍጥነት ለማሻሻል' ብለሽ ጻፊ። የሆነ ሆኗል፣ ያለፈ ነገር ማማሰል ለማንም አይበጅም።" እህቴ እኮ ናት አልኩት። "ለዚያማ ነው ይበልጥ ዝም ማለት ያለብሽ፣ ለእህቷ ብላ ነው ይሉሻል" አለኝ።

ድፈናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ቁጥሯን ከአደባባይ አነሳኋት። አሁን ላይብረሪዬን የሚጠራ ሁሉ የራሱን ቱቦ በእጁ ይዞ ይመጣል፤ ሳይዝ ከመጣ ላይብረሪው አላሰላም ይለዋል። የማንም ክፍል የሌላውን አይነካም። ስጨርሰው ገረመኝ፤ እንዲህ ቀላል ነገር ነበር። ማስታወሻው ላይ ግን የጻፍኩት እውነቱን ነው፤ ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደነበር፣ በየትኛው ቀን ምን እንዳስከተለ፣ ማን እንደጻፈው። ከሥሩ ስሜን አሰፈርኩ። ከዚያ ሦስቱን መስመሮች አትሜ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ።

ማትሮኗ ታውቂያታለሽ፣ ቁልፏ ከእሷ ቀድሞ የሚሰማው። "የእሷ እህት ነሽ አይደል?" አለችኝ፣ ፊቷ ሳይፈታ። አዎ ነኝ፣ ግን የመጣሁት በሌላ ነው፣ ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ንግግር እንደማይበቃት ስለገባኝ የቀድሞውን ላይብረሪ ለሙከራ ይዤው ነበር፤ ሁለት ኮምፒዩተር ከእሱ ጋር አገናኘሁ። እሷን በአንዱ አስቀመጥኩ፣ አንዲት ነርስ በሌላው። "ሠላሳ ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። "ተጫኚ።" ሠላሳ። "ድጋሚ ክፈቺና ጻፊ፤ ግን እሷ የአዋቂዎቹን ገጽ እስክትከፍት እጅሽን ያዢ። አሁን ተጫኚ።"

አሥር ሲል መነጽሯን አወለቀች። አጽድታ መልሳ አደረገች። እንደገና እንድንሞክረው ጠየቀችኝ። ከዚያም አንድ ጊዜ። ከዚያ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤ "ማስጠንቀቂያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ ብዬ ሃያ ዓመት እፎክር ነበር። ዓይን ዓይኗን እያየሁ እውነት ስትነግረኝ አላመንኳትም።"

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈው ባለ ማህተም ወረቀት የእሷ ነው። ማስጠንቀቂያው ከማኅደርሽ ወጥቷል። ሦስቱም ሰዎች ፈርመውበታል፤ አንደኛው ሊፈርም አልወድ ብሎ ነበር፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነው ያስፈረመችው። ቦታሽ ክፍት ነው ብላለች። "ነይ አልላትም፣ የማስገድዳት ፊት የለኝም፤ ክፍት መሆኑን ብቻ ንገሪያት" አለችኝ።

ስወጣ እስከ መተላለፊያው ሸኘችኝ። ክትባት የሚሰጥበት ቀን ስለነበር አግዳሚዎቹ በእናቶች ሞልተዋል። አንዲት ልጅ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ያላት፣ እየተውተረተረች ከአግዳሚ አግዳሚ ትሮጣለች። ማትሮኗ ክርኔን ነካ አድርጋ፣ "ያቻትና" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ እናቷ ከወዲያ ሆና "ቢራቢሮ!" ብላ ስትጠራት ልጅቷ ቆማ እጆቿን አርገበገበች። ሁለቱንም።

እናቷ እኔን አታውቀኝም። ማትሮኗን ግን ያዘቻትና፣ "ያቺ ፀጉሯን ታበጥርላት የነበረችው ሲስተር የት ገባች? በመጣሁ ቁጥር እፈልጋታለሁ" አለቻት። ቂም ያለው ድምፅ አይደለም፤ እንዲያው የናፈቀ ሰው ድምፅ ነው። ማትሮኗ ወደ እኔ አየች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

እታበባ፣ ቁጥሯን አደባባይ ማስጣቴ የሥራ ጥፋት ነው። ብዙ ሰው ያጠፋዋል፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አጥፍተውት አይቻለሁ። ለእሱ ሥራዬ ይጠየቅበት። ካውያ ይዤ ላልኩሽ ቃል ግን የምጠየቀው በእህትነቴ ነው። ከሰው ሁሉ መርጠሽ እኔ ዘንድ መጣሽ፤ "እስቲ ልየው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሥራዬን ከአንቺ አስበልጬ አመንኩት። በዚያ ላይ ኩራት ነበረበት፤ የኔ ሥራ እንዴት ሊሳሳት ይችላል የሚል። ይህንን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ይቅር በይኝ ማለት አልችልም። ያየሽው ልክ እንደነበረ ግን ከእኔ አፍ መስማት አለብሽ። ዓይንሽ አልዋሸሽም። እጅሽም አልሳተም። አሥር ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ።

ስትፈልጊ ብቻ መልስ ጻፊልኝ፤ አንዲት መስመር ይበቃኛል፣ ባዶ ፖስታም ቢሆን አልጠላም። ግን በቢሮዬ አድራሻ እንዳትልኪው፤ በእማዬ ቤት ይሁን። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረችውን የአበባ ማሰሮ በአውቶቡስ ታቅፌ አምጥቼ መስኮቷ ላይ አስቀምጬላታለሁ፤ ፀሐዩ ተስማምቷት ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥታለች። የጓሮውን አጥር ቀለም እየቀባሁት ነው። እማዬ በሥራ ቀን ምን ታደርጊያለሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ረፋድ ላይ ሁለተኛ ብርጭቆ አውጥታ ከብርጭቆዋ ጎን አስቀመጠች እንጂ። አንቺም አትጨነቂ። እንቅልፌ ተመልሶልኛል።

ያለሽበት ቤት ሰላም አይለየው። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ደጅሽን ደግ ሰው ይርገጠው። እጅሽ የዳሰሰው ይዳን፣ ዓይንሽ ያየው ይታመንልሽ። አክስታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ